ነዳጅ ሲረገጥ የሚንቀጠቀጥ መኪና ስንት ያወጣል?

ሻጭ ቁልፉን ሰጥቷል፤ ገዥ መሪውን ይዟል፤ ደላላው ከኋላ ተቀምጧል። ከዱራሜ ወጣ ብለው ገዥ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ መኪናው ከሥር ይርገፈገፋል። "ምን ሆኖ ነው?" ሲባል "መንገዱ ነዋ!" ይላል ሻጭ። አስፋልት ላይም ካልተወው "ጎማው ነው፤ ባላንስ ይፈልጋል" ይላል ደላላው።

ሊሆን ይችላል። ጎማ ባላንስ ማስደረግ ቀላል ወጪ ነው። የካምቢዮ ወይም የሞተር ሥራ ግን ከመኪናው ይገኛል የተባለውን ትርፍ ጠራርጎ ይወስዳል። ገዥ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሁለቱን መለየት አለበት።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜ በጠገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በመሆኑም ገበያው የሚገበያየው በአብዛኛው ብዙ ኪሎ ሜትር የሄዱትን መኪኖች ነው።

እግርዎን ያንሱ

ከሁሉ የሚቀድመው ፍተሻ ገንዘብ አይጠይቅም። ደህና አስፋልት ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ ነዳጅ ጫን ያድርጉ። መንቀጥቀጡ ሲጀምር እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያንሱ። እግር ተነስቶም መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ነገሩ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጎማው፣ ባላንሱ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ይጠረጠራል። እግር እንደተነሳ ቀጥ ካለ ግን መንስኤው ከሞተሩ ወይም የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ ከሚያደርሱት ክፍሎች መፈለግ አለበት። ከቆመበት ሲነሳ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ማየት ነው።

ቀጥሎ መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን አውጥተው ሞተሩን ያስጩኹት። ቆሞም ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ያለው ሞተሩ ዘንድ ወይም ሞተሩን በያዙት ጎማዎች ላይ ነው። ቆሞ ደህና ሆኖ አቀበት ላይ የሚንተፋተፍና ጉልበት የሚያንሰው ከሆነ አሁንም ሞተሩን ይጠርጥሩ፤ አንዳንድ ጉድለት ጭነት ሲበዛበት ብቻ ነው የሚታየው። የማይንተፋተፍ፣ ነገር ግን ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚርገፈገፍ ከሆነ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይታያል። የፊት ጎማ በሚነዳቸው የቤት መኪኖች የውስጠኛው ሲቪ ጆይንት፣ የኋላ ጎማ በሚነዳቸው ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ደግሞ ክሮቸራው ይመረመራል። የተቀደደ የሲቪ ጆይንት ጎማና የተረጨ ግሪስ ጥሩ ምስክር ነው።

ከርካሹ ይጀምሩ

ዕቃ ከመግዛት በፊት የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸውን ይመልከቱ፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በክረምት ከገጠር የመጣ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን ሊያንቀጠቅጠው ስለሚችል አስቀድሞ ይታጠብ። ከዚያ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ካንዴላ ይታያል። የናፍጣ መኪና ከሆነ ፊልትሮው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይውጣ። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ነዳጁ ቆሻሻ ወይም ባዕድ ነገር ሊኖረው እንደሚችል አይርሳ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ዱራሜ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ የካርቡሬተር መኪና እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብስና ሞተሩ ይንተፋተፋል።

ኮምፒውተር ያላቸው መኪኖች ራሳቸው ይናገራሉ። ጋራዥ ውስጥ በማሽን ሲነበብ ፒ0301 የሚል ቁጥር ከወጣ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ሆኖም ወዲያው አዲስ ኮይል መግዛት አያስፈልግም። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ቀያይሮ እንደገና ማስነበብ ነው። ቁጥሩ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ የተበላሸው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላው ወይም ኢንጀክተሩ ይታይ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መኪናውን መንዳት ይብቃ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ውድ የሆነውን የጭስ ማጣሪያ ያቃጥላል።

ውሉ ላይ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ገዥም ዕቃውን መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጭ ማስታወቅ አለበት። እያየ ለገዛው ግልጽ ጉድለት ግን ሻጭን መጠየቅ አይችልም። ውሉ ላይ "ባለበት ሁኔታ" የምትል ሐረግ ከገባች ደግሞ ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ መንቀጥቀጡ ከታወቀ ማን እንደሚያሠራው በጽሑፍ ይስፈር።

ለደላላም ቢሆን እውነቱን መናገር ያዋጣዋል። እንደ ዱራሜ ባለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ኮሚሽን የአንድ ቀን ሲሆን ስም የዓመታት ነው። መንስኤው ካንዴላ ከሆነ ጥቂት አስቀንሶ መግዛት ይቻላል። ክሮቸራ ወይም ሲቪ ጆይንት ከሆነ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ከጋራዥ ጠይቆ ያንኑ ማስቀነስ ነው። መንስኤው ካልታወቀ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ ቁልፉን መመለስ ይሻላል።