በሁምቦ ተራራ ስለሚከማቸው የካርቦን አየርና ስለ ዋጋው

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ከጭስ ጋራ እየወጣ ዓለምን የሚያሞቅ ስለ ሆነ፤ መንግሥታት ይህን አየር ይዘው የሚያስቀምጡበትን ስፍራ መፈለግ ከጀመሩ ቈይተዋል። ኖርዌይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ስላይፕነር በተባለው የባሕር ጋዝ ማውጫ አየሩን ለይታ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የአሸዋ ድንጋይ አስገብታለች። የዓለም ባንክም በ2002 ዓ.ም. ሌሎች አገሮች ይህን ጥበብ እንዲያጠኑ የሚረዳ ገንዘብ አቋቁሟል። ይሁን እንጂ ይህ ታላላቅ ጭስ ማውጫ ላላቸው አገሮች የሚስማማ ነው። ለገበሬ አገር የሚቀርበው ጐተራ ዛፍ ነው፤ ለዚህም በወላይታ ያለው የሁምቦ ተራራ ምስክር ይሆናል።

የሁምቦ ደን በ1960 ዓ.ም. ግድም ተጨፍጭፎ አልቆ ነበር። ጎርፉም አፈሩን እየጠረገ የታችኛውን እርሻ አስቸገረ። በ1999 ዓ.ም. ግን ወርልድ ቪዥን ከተባለው የርዳታ ድርጅት ጋራ 2,728 ሄክታር ተከለለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፤ የተደከመው ችግኝ በመትከል ብቻ አለመሆኑ ነው። የተቈረጠው ዛፍ ሥሩ በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ ስለ ቈየ፤ ከጕቶው ከሚያቈጠቍጠው ቀንበጥ ደኅና ደኅናውን መርጦ ሌላውን መመልመል፤ ከብትንም መከልከል በቂ ሆነ።

ተራራውን የሚጠብቁት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ናቸው፤ በመሬቱ የመጠቀም መብታቸውም በሕግ ተረጋግጦላቸዋል። ይህ ባይሆን ገበሬው ለማን ብሎ ይጠብቃል? ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል አየር ይይዛል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህም 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ የባዮካርበን ገንዘብ ሊገዛ ተዋዋለ። ዋጋው ብዙ አልነበረም፤ ደን ሊቃጠልና ሊቈረጥ ስለሚችል፤ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ለደን ይሰጥ የነበረው ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነበር፤ ጊዜያዊ ዕቃም ርካሽ ነው።

ክፍያው የሚሰጠው ዛፉ ከተለካ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። በሁምቦ የመጀመሪያው ገንዘብ የደረሰው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሥራው ከተጀመረ ከሦስት ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በዚያ መካከል ከብቱ ምን ይብላ፤ ምድጃውስ በምን ይንደድ የሚለውን ጥያቄ ባንኩ አይመልሰውም፤ የወረዳው ሹም ነው የሚጠየቀው። የሁምቦ ሰዎች ከብቱን ወደ ክልሉ በመስደድ ፈንታ ሣሩን እያጨዱ፤ ከሚመለመለውም ቅርንጫፍ ማገዶ እየለቀሙ ወደ ቤታቸው ወሰዱ።