ተጨማሪ መረጃ፦ የማይንክራፍት ዶሮና የገደብ ዶሮ

በማይንክራፍት ጨዋታ ዶሮ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ተጫዋቹ ለቅሞ ይወረውረዋል፤ በአማካይ ከ8 እንቁላል ከ1ዱ ጫጩት ይወጣል። አውራ ዶሮ የለ፣ መታቀፍ የለ! (በገደብ ወረዳ እንቁላል ወርውሮ ጫጩት የጠበቀ ልጅ እናቱ ምን እንደምትለው መገመት አያቅትም።)

እንሰትና ቡና ጎን ለጎን በሚበቅሉበት የገደብ ጓሮ ግን 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ያለ አውራ ዶሮ ደግሞ እንቁላሉ አይፈለፈልም። ዶሮዋ ከጎጆዋ አልነሳ ስትል ጭድ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይነጠፍላትና ከ10 እስከ 13 እንቁላል ትታቀፋለች። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ታቆየዋለች፤ በመንቆሯም ደጋግማ ታገላብጠዋለች፤ አለዚያ ፅንሱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። በ7ኛው ቀን ማታ አንዱን እንቁላል ቀስ ብላችሁ አንሡና በሞባይል ባትሪ አብሩበት። ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ከታዩ ጫጩት እያደገ ነው፤ ጥርት ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ዘር አልነበረውም።

በጨዋታው ለእውነታው የሚቀርበው የኤሊ እንቁላል ነው። አሸዋ ላይ ካልሆነ አይፈለፈልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀውም ሌሊት ነው። ካልተጠበቀ ዞምቢ ይረግጠዋል፤ የገደቧን ዶሮ ደግሞ የሚያሰጋት ሸለምጥማጥ ነው።