እውነት ወይስ ተረት? የትንሽ ጀልባ ወለል ከምን ይሠራ?

የትንሽ ጀልባ ወለል መበስበስ የሚጀምረው ከሥሩ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ በማይረግጠው፣ ገዢው ገልጦ በማያየው፣ ቀለም ቀቢውም በሚዘለው ፊት። ላዩ ደኅና መስሎ ይከርምና አንድ ቀን መረብ በሚስብ ሰው እግር ሥር ይሰበራል። አዞና ጉማሬ ባለበት አባያ ሐይቅ ላይ ይህ የዕቃ ብልሽት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

ወላይታ ዞን ጀልባ የሚንሳፈፍበት ሁለት ትልቅ ውኃ አለው። በደቡብ ምሥራቅ የአበላ አባያና የሁምቦ አካባቢ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። በምዕራብ ደግሞ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት የኦሞን ወንዝ ገድቦ ወላይታንና ዳውሮን በሰፊ ውኃ ለያይቷቸዋል። 243 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ጀርባ፣ ቀድሞ ገደልና ሸለቆ የነበረው ቦታ ዛሬ ዓሣ የሚሰገርበት ሐይቅ ነው። በሁለቱም ውኃ ላይ የሚሠራ ሰው ወለል ሲያልቅበት ዕቃ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሶዶ ላይ ከጣውላ መሸጫው፣ ከብረታ ብረት ሱቁ፣ ከቀለም ቤቱ ይጠይቃል። የሚያገኘው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤት ምክር ነው። ለበር፣ ለቁም ሳጥንና ለጣሪያ የሚበጅ ዕውቀት ለጀልባ ሲሰጥ ይሳሳታል። ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጠንካራ እንጨት አይበሰብስም፤ ባሕር ዛፍ አንጥፍበት»

ተረት ነው። ጥንካሬና አለመበስበስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ካገኘ የእንጨቱን ክብደት አይጠይቅም። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከቆየ መበስበስ አይጀምርም። ከዚያ በላይ ወጥቶ ከሰነበተ ግን ምስማር የማያስገባው ጣውላም ይሟሽሻል።

ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየጓሮውም ይገኛል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ይሸጣል። እርጥቡን የመቱት ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል፣ በምስማሩ መስመር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የውኃ መግቢያ ይሆናል። የሶዶ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አባያ 1,170 ሜትር አካባቢ ነው። በደጋው ብርድ የተገዛ እርጥብ ጣውላ ቆላ ወርዶ ፀሐይ ሲያገኘው መጣመሙን ያፋጥነዋል።

ዝግባም እንዲሁ ያታልላል። ቀጥ ያለ፣ ለመላግ የተመቸ፣ መልኩ ያማረ እንጨት በመሆኑ አናጺዎች ይወዱታል። እርጥበት ባለበት ግን ፈንገስም ምስጥም ቶሎ ይረቱታል። ዋንዛና ጥድ ከዚህ ይሻላሉ፤ የሚሻለው ግን የውስጡ ጠቆር ያለ ክፍል ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ዙሪያ የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ደካማ ነው። ስለዚህ ዋንዛ ሲገዙ ስሙን ሳይሆን ቀለሙን ይመልከቱ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከአዋጅ ቁጥር 94/1986 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በወላይታ ገበሬ ማሳና ጓሮ ተተክሎ የሚያድግ ዋንዛ አለ፤ ፈቃዱን አሟልቶ ከባለቤቱ መግዛት ይቻላል። ለአንድ ጀልባ ወለል ሲባል የደን ዋንዛ መጣል የለበትም።

«ወለሉ በወፈረና በከበደ ቁጥር ጀልባው ይረጋጋል»

ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ጀልባን እንደሚያረጋጋ እውነት ነው። ትንሽ ጀልባ ግን ከመገልበጥ እኩል የሚያሰጋት ማዕበል በጠርዟ ዘልቆ መግባቱ ነው። ክብደት ሲጨመር ጀልባው ዝቅ ይላል፤ በውኃውና በጠርዙ መካከል የቀረው ከፍታ ይቀንሳል፤ ነፋስ ሲነሣ ያቺ የቀነሰች ስንዝር ትፈለጋለች።

ሒሳቡን እንሥራው። ወለሉ 3 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 2.5 ሳንቲሜትር ደረቅ የባሕር ዛፍ ጣውላ ከ50 ኪሎ ያልፋል፤ ውኃ ሲጠጣ ይብሳል። 3 ሚሊሜትር ላሜራ ደግሞ 70 ኪሎ ይደርሳል። በኮምፔንሳቶውና በላሜራው መካከል ያለው 50 ኪሎ በየጉዞው ሳይጫን የሚቀር ዓሣ ነው፤ ሞተር ላለው ደግሞ በየቀኑ የሚቃጠል ተጨማሪ ቤንዚን ነው። ከሥሩ አግዳሚ በየ40 ሳንቲሜትሩ ካለ 12 ሚሊሜትሩ ሰው ይሸከማል። ወለሉ የሚረግብ ከሆነ አግዳሚ ይጨመርበት እንጂ ጣውላው አይወፍር።

ወለሉን ከፍ አድርጎ መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ወለል ላይ የቆመ ሰው አብሮ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ጀልባው ሲወዘወዝ የሚገለብጠውም የዚህ ሰው ክብደት ነው።

«ኮምፔንሳቶ ያው ኮምፔንሳቶ ነው»

አይደለም። ልዩነቱ ከላይ በሚታየው ልባስ ሳይሆን በመካከሉ ባለው ማጣበቂያ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሠራው ኮምፔንሳቶ ውኃ በሚያላቅቀው ማጣበቂያ የተጣበቀ ነው፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ለውጭ ሥራ የሚሆነው ግን ውኃ በማይፈታው ማጣበቂያ ይሠራል፤ ጠርዙን ሲያዩት በንብርብሮቹ መካከል ጠቆር ያለ መስመር የሚታየውም ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ሻጩ የሚለውን ማረጋገጥ ይቻላል። ከጠርዙ የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምነው ይውሰዱ፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀቅለው ያድርቋት፤ ደግመው ይቀቅሏት። ንብርብሩ ካበጠና ከተላቀቀ ያንን ሉሕ አይግዙ። ጠርዙንም በዓይን ይመርምሩ፤ በንብርብሮቹ መካከል ክፍት ቦታ ካለ ውኃ እዚያ ገብቶ ይተኛል። በዓለም ገበያ ለጀልባ ተብሎ የሚሸጠውና በእንግሊዙ ቢኤስ 1088 ደረጃ የሚመረተው ኮምፔንሳቶ ዋና ብልጫው ይኸው ነው፤ ማጣበቂያው አይፈታም፣ በውስጡም ክፍተት አይኖረውም። እሱም ቢሆን መድኃኒት ያልተነከረ እንጨት ስለሆነ ሳይቀባ ከተተወ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደኅና የውጭ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ በጥንቃቄ መቀባት፣ የጀልባውን ገዝቶ ሳይቀቡ ከመተው ይሻላል።

ችፑድና ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካቸው አብጠው ይፈርሳሉ። ለጀልባ ፈጽሞ አይሆኑም።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባው፤ ውኃ አይነካውም»

ከሁሉም ይልቅ ይህን አባባል ከልቤ ማስቆም እፈልጋለሁ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ከብረት ፍቅፋቂና ከቃጠሎ የመጣ መርዛማ ቆሻሻ ይዟል። እንጨት ላይ ሲቀባ አይደርቅም፤ እግር ያንሸራትታል፣ ልብስና መረብ ይበክላል፣ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቆሮሶውና አምባዛው የሚከመርበት ወለል ነው፤ ያ ዓሣ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ሰው ማዕድ ነው። በዚያ ላይ ጥቅሙም የለም። ዘይት የጠጣ እንጨት ከዚያ በኋላ ቀለምም ኮላም አይቀበልም፤ በኋላ በደኅና ቀለም ላስተካክለው ቢሉ አይሆንልዎትም።

ዘይት ከተፈለገ የሚደርቅ ዘይት አለ። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ረግቶ እንጨቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሆናል። በስሱ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ መድገም ነው። አደራ የምለው ግን በዘይቱ የተነከረውን ጨርቅ ጨፍልቀው ጥግ ላይ እንዳይጥሉት ነው፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

የዘይት ቀለም ከሆነም የሚቀባው ላዩ ብቻ አይደለም። ሥሩም፣ አራቱም ጠርዝ፣ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ይቀባል። እንጨት ውኃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠበት አፉ ስለሆነ ጠርዙ ከሌላው ይልቅ ደጋግሞ ይቀባ። ላዩን ብቻ የቀቡት ጣውላ ከሥር የጠጣው ውኃ መውጫ ያጣል።

«ባሕር ስለሌለን ውኃችን ዕቃ አይበላም»

ለብረት እውነትነት አለው፤ ጨዋማ ባሕር ብረትን ከሐይቅ ይልቅ ቶሎ ያዝገዋል። ለእንጨት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጨው ፈንገስን ስለሚከለክል የዱሮ መርከብ ሠሪዎች በመርከቡ አግዳሚዎች መካከል ጨው ይጠቀጥቁ ነበር። ሐይቅና ዝናብ ይህ ጥበቃ የላቸውም። ከሐይቁም የባሰው የዝናቡ ውኃ ነው፤ ጀልባው ዳር ላይ ቆሞ ሳለ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሰነብታል።

«ላሜራ ከሆነማ ዘላለም ነው»

ላሜራ የሚዘልቀው ሁለቱም ፊቱ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ከዚያ ቀለም ሲደረብበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን በአንግላሬ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን ይበየድና ሥሩ እንደተዘጋ ይቀራል። ብየዳው ያቃጠለው ቀለም ከታች በኩል አይታደስም፤ ዝገቱ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከመበየድ ይልቅ በብሎንና በዳዶ ማሰር ይሻላል፤ በዓመት አንዴ ተፈትቶ ይታያል። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ደግሞ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ለወለል አይታሰብ።

ስንጥቅ በሲልኮን መድፈንም የተለመደ ነው። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ብረትን ያዝጋል፤ ላዩም ላይ ቀለም አይዝም። የጀልባው አካል አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ተራ የብረት ብሎን በቀጥታ አይንካው፤ ሁለቱ በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ይግባ። እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የታከመ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ዓይነት እንጨትም አሉሚኒየም ላይ አይነጠፍ፤ በመድኃኒቱ ውስጥ መዳብ ካለ ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

«ወለሉን ጥርቅም አድርጎ መድፈን ነው፤ ውኃ አይገባም»

የስሕተቶቹ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ውኃ ይገባል። ከመረብ ይንጠባጠባል፣ በዓሣ ይመጣል፣ በማዕበል ይረጫል፣ በዝናብ ይወርዳል። ወለሉን መድፈን መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን መዝጋት ነው።

አባያ ላይ ነገሩ ይከፋል። ሐይቁ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው፣ የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች ከደጋ የሚያመጡትን ደቃቅ ጭቃ ተሸክሞ ስለሚኖር ነው። ወደ ጀልባው ሆድ የገባ ውኃ ቢደርቅም ጭቃው ይቀራል፤ ያ ጭቃ ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ከጣውላውና ከላሜራው ሥር ይተኛል። በጊቤ ሦስት ደግሞ የውኃው መጠን በዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጀልባ ዳር ላይ ቀርቶ ይደርቃል፣ እንደገና ይርሳል። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚኖር እንጨት አየር ስለማያገኝ እንኳ ይቆያል፤ መርጠብና መድረቅ የሚፈራረቅበት ግን ይጎዳል።

የጣና ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እንዳይገባበት ተብሎ አይሠራም፤ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል። ሳይደርቅ ከሰነበተ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል።

እንግዲህ ወለሉ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ተከፍሎ፣ በቪቴ ወይም በብሎን ብቻ ተይዞ፣ በእጅ የሚነሣ ይሁን። በክፍሎቹ መካከል የጣት ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ይተው። አግዳሚዎቹ ከታች በኩል የውኃ ማለፊያ ይከፈትላቸው፤ ውኃው ወደ አንድ ጥግ ወርዶ በጣሳ ይቀዳ። የፕላስቲክ ምንጣፍ አይለጠፍበት፤ መንሸራተት የሚያሳስብ ከሆነ የመጨረሻው ቀለም ሳይደርቅ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይነስነስበትና እንደገና በስሱ ይቀባ።

ፋይበርግላስ ለብሷልና ተርፏል የሚባለው ወለልም ከዚህ አያመልጥም። በውስጡ እንጨት ካለ አንዲት ያልተደፈነች የብሎን ቀዳዳ ትበቃዋለች፤ ልባሱ ውኃውን ይዞ ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

«ከወለሉ ሥር ስፖንጅ ከሞላ ጀልባው አይሰጥምም»

ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ክብደት ይጨምራል እንጂ አያንሳፍፍም። ውኃ የማይጠጣ ዝግ ፎም በአንድ ሊትር አንድ ኪሎ ገደማ ያንሳፍፋል፤ ይሁንና የሚበጀው በሁለቱ ጎኖች ከፍ ብሎ ቢታሰር ነው። ወለል ሥር ብቻ ካለ ውኃ የሞላው ጀልባ ሊገለበጥ ይችላል። ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይቀልጣል፤ ሞተር ባለበት ጀልባ ውስጥ አይቀመጥ።

እኔ አንዱን ምረጥ ብባል 12 ሚሊሜትር የውጭ ኮምፔንሳቶ፣ በስድስቱም ፊቱ የተቀባ፣ በብሎን የታሰረና በእጅ የሚነሣ እመርጣለሁ። በጋራ ጀልባ ለምታሠሩ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራትና ለሚያግዟችሁ ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፦ ከጀልባ ሠሪው ጋር ስትዋዋሉ «ወለሉ ተፈትቶ የሚነሣ፣ ከመገጠሙ በፊት ሥሩና ጠርዙ የተቀባ» የሚል ቃል በውሉ ይግባ፤ ርክክቡም ወለሉ ተነሥቶ ሥሩ ከታየ በኋላ ይፈረም።