የትኛውን ዶሮ እንረድ?

በዓል ሲደርስ የትኛውን ዶሮ እንረድ? የምትጥለዋን ዶሮ ያረደ ሰው እንቁላሉንም ጫጩቱንም አብሮ አረደ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለዩ።

ዶሮዋን ያዙና ከቂጧ ግራና ቀኝ ያሉትን 2 አጥንቶች ዳስሱ። በመካከላቸው 2 ወይም 3 ጣት ከገባ ትጥላለች፤ አትንኳት። 1 ጣት ብቻ ከገባ፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ከገረጣ፣ መጣል አቁማለች። ቄብ ወይም እንቁላል የታቀፈች ከሆነች ግን ታገሷት።

ለ10 ሴት ዶሮ 1 አውራ ይበቃል። የቀሩትን አውራዎች ደረታቸውን ዳስሱ። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ከሾለ ገና ነው፤ ይቆይ። ደረቱ ከሞላ እህላችሁን አይፍጅ፤ እረዱት።

የታመመ ዶሮ ግን አርዳችሁ አትብሉ፤ ለገበያም አታውጡ። ፈንግል ከሆነ የጎረቤትን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል። የሞተውን በጥልቅ ቅበሩት።