መስቀል አደባባይን በእግር፣ በፊደልም

በሆመቾና በአካባቢዋ የምትኖሩ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ለሕክምና፣ ለይግባኝ ወይም ልጅ ለመጠየቅ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ያደርሳችኋል። ከመኪናው ከወረዳችሁ በኋላስ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው በከተማ የሚሄደው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ቢያታልሉትም አያውቅም። እናንተ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። እንግዲያው ዛሬ በከተማይቱ መሐል ያለውን መስቀል አደባባይን አብረን በእግር እንዙር።

በመጀመሪያ አቅጣጫ ያዙ። የአደባባዩ ደቡብ ወገን እንደ እርከን በደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። እናንተ እርከን የምትሠሩት አፈር እንዳይሸረሸር ነው። ይህ እርከን ግን የተሠራው ብዙ ሺህ ሰው ተቀምጦ ወደ መሐል እንዲያይ ነው። ደረጃው ላይ ወጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ፊት ለፊታችሁ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀኛችሁ የቦሌ መንገድ፣ በግራችሁ ስታዲየም ነው። ይህን ከያዛችሁ አትጠፉም። ከእግራችሁ በታችም ሥራ አለ፤ አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል።

አሁን ስሙን እናንብብ። መስቀል የተባለው መስከረም 16 ቀን ደመራ ስለሚደመርበት ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አብዮት አደባባይ ተባለ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ስሙን የሚለውጠው ዘመን ነው።

ከእስጢፋኖስ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ከ30 ያላነሱ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች እዚያ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የአዳራሹ ትልቅ ባለቀለም መስተዋት የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው።

ከዚያ ተመለሱና ወደ ቦሌ መንገድ አፍ ሂዱ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ታገኛላችሁ፤ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። በዚሁ አደባባይ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ንግግር ሲያደርግ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሰ። በዚያ ዘመን ብዙ ሺህ ሰው ተገደለ፤ አብዛኛው ወጣት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። ገበሬውን ፊደል ካስቆጠሩት ከእነዚያ ወጣቶች መካከል በቀይ ሽብር የተገደሉ አሉ። በሙዚየሙ የሟቾቹ ፎቶግራፍና ስም ይገኛል። ቆማችሁ ስማቸውን አንብቡላቸው።

በ1971 ዓ.ም. ታላቁን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጀመረው ያው መንግሥት እኮ ነው! ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የእኛው ሀዲይሳ ነበር። ታዲያ የቱን እንመን? ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣ፣ ሌላውን አንብባችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ምዕራብ፣ ስታዲየሙን አልፋችሁ ሂዱ። ለገሃር ትደርሳላችሁ። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር ነው፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት የአንበሳ ሐውልት ቆሟል። የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ይህን ሐውልት ወደ ሮም ወስዶት ነበር። ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ለመንገዳችሁ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የምትሄዱበትን ቤት ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር በራሳችሁ እጅ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ታክሲ ከመሳፈራችሁ በፊት የተጻፈበትን አንብቡ፤ ረዳቱ የሚጠራውን ብቻ አትከተሉ። ሦስተኛ፣ መንገድ የምትሻገሩት ነጭ መስመር በተሰመረበት ቦታ፣ ግራ ቀኝ አይታችሁ ይሁን።

ደግሞ ይህ ሥራ ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የሆመቾ ገበያስ ስሙ ከየት መጣ? ቀድሞ ምን ይባል ነበር? ማን ምን አደረገበት? ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት። ዛሬ ካልተጻፈ የሚያውቁት ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋል።