የላላ ብሎን ዋጋው ስንት ነው?

ገበያ ወጥቶ የተራራ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሁለትና ሦስት ጥያቄ አያጣም። ማርሹ ስንት ነው? ፍሬኑ የዲስክ ነው ወይስ የላስቲክ? የፊት ሹካው ስፕሪንግ አለው? ይላል። መልሱን ሰምቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይነዳል። እነዚህን ሁሉ ክፍሎች አንድ ላይ ስለያዟቸው ብሎኖችና ዳዶዎች የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም ሳይጠየቅ አያነሳውም።

ይሁን እንጂ ሊቀር ይችል የነበረ ወጪ በብስክሌት ባለቤት ላይ ከሚመጣባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ብዙ ብስክሌቶች ላይ የፔዳሉ ክንድ ከመሐል ዘንጉ ጋር የሚገጥመው በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። ዘንጉ ብረት፣ ክንዱ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። የሚይዘው ብሎን ላልቶ ሳለ ባለቤቱ "ቀስ ብዬ ቤት ልድረስ" ብሎ ከነዳ፣ ጠንካራው ብረት ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ በኋላ ብሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ክንዱ ተመልሶ ይላላል። በአንድ ቁልፍና በአንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረ ጉዳይ አዲስ ክንድ ወደ መግዛት ይሸጋገራል። የላላው የመሪ ወይም የፍሬን ብሎን ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ከመለዋወጫ ሱቅ አልፎ ሐኪም ቤት ሊደርስ ይችላል።

ለምን ይላላል?

ብሎን የሚይዘው ጥርሱ ስለተጠመደ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ብሎን ሲጠብቅ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። የተለጠጠው ብረት እንደ ላስቲክ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲሳብ ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛቸዋል። ብሎኑ በራሱ እንዳይፈታ የሚያግደውም ከዚህ መጣበቅ የሚገኘው ሰበቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ። መሐንዲሶች በግምት እንደሚያስቀምጡት ቁልፍ ስናዞር ከምናወጣው ጉልበት ከመቶ 50 ያህሉ በብሎኑ ጭንቅላት ሥር ያለውን ሰበቃ፣ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሱ ላይ ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ ይውላል። ብሎኑን ለመለጠጥ፣ ማለትም ለዋናው ሥራ የሚተርፈው 10 ያህሉ ብቻ ነው። በነጋዴ ቋንቋ ብንናገር 90ው ወጪ፣ 10ሩ ትርፍ ነው። ጥርሱ ከዛገ ወይም አሸዋ ከገባበት ወጪው ይጨምርና ያችንም ጥቂት ትርፍ ይበላታል። እጃችን ላይ "ጠብቋል" የሚል ስሜት ይሰጠናል፤ ብሎኑ ግን አልተለጠጠም። እንዲህ ያለው ብሎን ጥቂት ሲንቀጠቀጥ ይለቃል።

ሁለተኛው ምክንያት መንቀጥቀጡ ራሱ ነው። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት፣ ብሎንን በይበልጥ የሚፈታው በቁመቱ የሚመጣ ጉተታ ሳይሆን ወደ ጎን የሚመጣ መንሸራተት መሆኑን በመሣሪያ ፈትኖ አሳይቷል። ሁለቱ የተጣበቁ አካላት ወዲያና ወዲህ ጥቂት እንኳ ከተንሸራተቱ ሰበቃው ለቅጽበት ይጠፋል፤ ብሎኑም በራሱ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል። ለተራራ ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ቁልቁለትና ድንጋይ ሲመታው የሚገጥመው ይኸው ነው። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ለዕለት ጉዞ የሚነዳውም ቢሆን ኮብልስቶንና ፒስታ መንገድ ላይ ሲውል ከዚህ አያመልጥም።

ሦስተኛው ምክንያት አዲስነት ነው። በብሎኑ ጭንቅላት ሥር ያለው ቀለምና ሻካራ ገጽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደቀቅና ይተኛል። ብሎኑ ሳይዞር እንኳ የተለጠጠበትን ኃይል በከፊል ያጣል። አዲስ ብስክሌት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚንቋቋው በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን አለ?

ብሎን እንዳይላላ የሚሸጡ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን የከፈሉበትን ያህል አይሠሩም።

በተለምዶ የሚታዘዘው የተሰነጠቀው ባለ ስፕሪንግ ሮንዴላ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የማያያዣዎች መመሪያ ስለዚህ ሮንዴላ የሰጠው ፍርድ የማያወላዳ ነው። ብሎኑ በሚገባ ሲጠብቅ ሮንዴላው ጠፍጥፎ እንደ ማንኛውም ሮንዴላ ይሆናል፤ መቆለፊያነቱም ያበቃል ይላል። ስለዚህ ለሮንዴላ ብቻ ገንዘብ አውጥቶ መተማመን አያዋጣም።

ከውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻላል። ናይሎኑ የብሎኑን ጥርስ አንቆ ስለሚይዝ ጥብቀቱ ቢቀንስ እንኳ ዳዶው ወልቆ አይወድቅም። በተፈታ ቁጥር ግን ናይሎኑ ስለሚበላ፣ በእጅ ጣት እስኪዞር ድረስ የላላ ዳዶ መልሶ መግጠም ዋጋ የለውም። በአዲስ መለወጥ ነው።

ሦስተኛው በገበያ "ሎክታይት" በሚል ስም የሚታወቀው ፈሳሽ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ቬርነን ክሪብል የሠሩት ውህድ ነው፤ የንግድ ስሙ ከ1997 ጀምሮ በጀርመኑ ሄንከል ኩባንያ እጅ ይገኛል። ፈሳሹ አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ይጠነክራል። በብሎኑ ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ መንሸራተቱን ይከለክላል። ከሱፐር ግሉ ጋር አንድ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ሙሉ ስላልሆነ ተጭበረበርኩ አይበል። ፈሳሹ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይጠነክር አየር ስለሚያስፈልገው አምራቹ ሆን ብሎ ያጎድለዋል። ሁለተኛ፣ ለብስክሌት የሚሆነው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ነው፤ በሎክታይት ምርቶች ሰማያዊው፣ ቁጥሩም 242 ወይም 243 የሆነው ማለት ነው። በተለመደው ቁልፍ ይፈታል። ቀዩ፣ ለምሳሌ 271 የሚለው፣ ለመፍታት ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚጠይቅ ለብስክሌት አይሆንም። ሦስተኛ፣ ጠብታው አንድ ይበቃል። ጥርሱ አስቀድሞ በአልኮል ከቅባት መጽዳት አለበት፤ ከተገጠመም በኋላ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 24 ሰዓት ቢታገሡት መልካም ነው። አንዳንድ ፕላስቲኮችን ስለሚሰነጥቅ ከፕላስቲክ ክፍሎች ይራቅ።

የት ሎክታይት፣ የት ግሪስ?

ሎክታይት የሚገባው ለሚንቀጠቀጡና ቶሎ ቶሎ ለማይፈቱ ትናንሽ ብሎኖች ነው። የፍሬን ሸራውን የያዘው ክፍል ከሹካውና ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርባቸው ብሎኖች፣ ዲስኩ ከጎማው መሐል የሚታሰርባቸው 6 ብሎኖች፣ እንዲሁም የዕቃ መጫኛና የውኃ ጠርሙስ መያዣ ብሎኖች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ብዙ አምራቾች በፍሬን ብሎኖች ላይ ደረቅ ማጣበቂያ ቀድመው ይቀባሉ፤ ተፈትቶ ሲመለስ በአዲስ መተካት ይገባዋል።

ፔዳል ግን የሚፈልገው ግሪስ ነው። ፔዳል እንዳይፈታ መላው ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአውሮፕላን ፈልሳፊዎቹ ኦርቪልና ዊልበር ራይት በዴይተን፣ ኦሃዮ የብስክሌት ነጋዴዎች በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1900፣ "የማይፈታ ፔዳል" ብለው ለገበያ አቅርበው ነበር። ምስጢሩ የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ መቆረጡ ነው። እግር ፔዳሉን ሲጫን ጫናው በቀዳዳው ዙሪያ ይዞራል፤ ይህም የፔዳሉን ዘንግ በተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ በቀስ ያዞረዋል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ዘንጉ በራሱ ወደ መጥበቅ ይሄዳል።

ይህን ያላወቀ ሰው የግራውን ፔዳል በቀኝ አስገድዶ ሊገጥምና የክንዱን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ፔዳሉ ዘንግ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤል ካለ የግራ፣ አር ካለ የቀኝ ነው። ቁልፉ ወደ ላይ ቆሞ ሳለ በሁለቱም ወገን ወደ ፊት ማጥበቅ፣ ወደ ኋላ መፍታት ነው ብሎ መያዝ ይቀላል።

ምን ያህል ይጥበቅ?

ማጥበቅ ጥሩ ነው ማለት እስኪሰበር ማጥበቅ ማለት አይደለም። በአሉሚኒየም ውስጥ የተቆረጠ ጥርስ በጉልበት ከተላጠ ጉዳቱ ከላላ ብሎን ይብሳል። መጠኑ በኒውተን ሜትር ይለካል፤ ብዙ ክፍሎች ላይም ተጽፎ ይገኛል። የተጻፈ ካለ እሱ ይበልጣል። በጥቅሉ ግን መሪውን የሚያስሩት ትናንሽ ብሎኖች ከ5 እስከ 6፣ የፍሬኑ ማሰሪያ ብሎኖች እንደ አምራቹ ከ6 እስከ 10፣ ፔዳል ከ35 እስከ 40፣ የባለ አራት ማዕዘኑ ክንድ ብሎን ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

መለኪያ ያለው ቁልፍ ውድ ነው የሚል ሰው በባለ ስፕሪንግ የእጅ ሚዛን መጠቀም ይችላል። የሚዛኑን ሜንጦ ከብሎኑ መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከቁልፉ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን መሳብ ነው። ሚዛኑ 5 ኪሎ ሲያነብ ብሎኑ ያገኘው 5 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ለፔዳል በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ሲነበብ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል።

የ10 ደቂቃ ፍተሻ

አዲስ ወይም ተፈትቶ የተገጠመ ብስክሌት ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጉዞዎች በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ይፈተሽ።

1ኛ. ብስክሌቱን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥቶ በጎማዎቹ መልቀቅ። የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ የላላ ነገር አለ።

2ኛ. የፊት ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ። መሪው ሥር ከተንቋቋ ኩሽኔታው ላልቷል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ በመጀመሪያ የጎን ብሎኖቹን ማላላት፣ ከዚያ ከላይ ያለውን ብሎን ውዝወዛው እስኪጠፋ ጥቂት ማጥበቅ፣ በመጨረሻ የጎኖቹን ማሰር። መሪውን የሚይዙት የጎኖቹ እንጂ የላይኛው አይደለም።

3ኛ. የፔዳል ክንዶቹን ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ። ከተነቃነቁ ሳይነዱ ማጥበቅ።

4ኛ. የፊትና የኋላ ጎማ ማሰሪያዎችን ማየት። ባለ እጀታ ማሰሪያ ከሆነ እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ መክበድ ሲጀምርና ሲዘጋ መዳፍ ላይ ምልክት ሲተው በቂ ነው። እጀታውን እንደ ዳዶ አዙሮ ማጥበቅ ስሕተት ነው።

5ኛ. በደንብ በጠበቁት የመሪና የፍሬን ብሎኖች ላይ፣ ከጭንቅላቱ አንስቶ እስከ ታሰረበት ክፍል ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ማስመር። መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ቁልፍ ሳይነኩ በዓይን ይታወቃል።

የገበያው ጉዳይ

አዲስ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ በካርቶን፣ መሪው፣ ፔዳሉና የፊት ጎማው ሳይገጠም ይመጣል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው የፋብሪካውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የገጣጣሚውንም ሥራ ነው። ችግሩ ይህ ሁለተኛው ጥራት በዓይን አለመታየቱ ነው። ገዢ የማያየውንና የማይጠይቀውን ነገር ሻጭ ወጪ አውጥቶበት በዋጋ ማስመለስ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ገጠማው ይቻኮላል። መፍትሔው ከሁለቱም ወገን ርካሽ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የላይኞቹን አራት ፍተሻዎች እዚያው ሱቁ በር ላይ ያድርግ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ክፍያ እንዲጠበቅለትም በውሉ ውስጥ ያስገባ። ሻጩም ይህን አገልግሎት ራሱ ቢያቀርበው ከጎረቤቱ ሱቅ የሚለይበት ያገኛል።

በብስክሌት ዕቃ እያደረሰ ለሚያድር ወጣት ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብስክሌቱ በቆመበት ቀን የሚወጣው የጥገና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የቀኑ ገቢም አብሮ ይቀራል። በወር 10 ደቂቃ፣ አንድ የብሩጎላ ቁልፍ፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሎክታይትና የጥፍር ቀለም ከአንድ የባከነ የሥራ ቀን ጋር ሲመዘኑ የቱ እንደሚከብድ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።