ትኬቱ ላይ የተጻፈው

ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ የሻንጣ ሚዛኑ አጠገብ የቆሙ እናት ናቸው። ቦታው ናጋድ፣ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ፤ ጊዜው ማለዳ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ። ወደ ድሬዳዋ የሚመለሱ ነጋዴ ናቸው። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጨርቅና አንድ ካርቶን ይዘው መጥተው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዕቃው ከተፈቀደው አለፈ። እኔም ለሁሉም የምለውን አልኳቸው፦ «እማማ፣ ትኬቱ ላይ ተጽፏል። ሲገዙ ተስማምተዋል።»

«ልጄ፣ እኔ የተስማማሁት አገሬ ልግባ ብዬ ነው» አሉኝ። «ይሄንንማ ማን አነበበልኝ?»

የትርፍ ክብደቱን ከፍለው ተሳፈሩ። የክብደት ደንቡ ተገቢ ነው፤ ዛሬም አስከፍላለሁ። ያልለቀቀኝ «ተስማምተዋል» ያልኩት ቃል ነው። መንገደኛ በማስተናገድ ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ፊደል ለማይቆጥር ሰው ሳይቀር።

ቃሉን ያወረሱን የፖለቲካ ፈላስፎች ናቸው። መንግሥት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በሰዎች መካከል የተደረገ ውል ነው የሚለው አሳብ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ አለው። ሶቅራጥስ ሞት ተፈርዶበት ወህኒ ሳለ፣ አቴናን ለቆ መሄድ እየቻለ ዕድሜውን ሙሉ መኖሩ ራሱ ለሕጓ መስማማት እንደሆነ ሲከራከር ፕላቶ ጽፎለታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ አገሩን ከበላው የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን»፣ ሰዎች እርስ በርስ ከመተላለቅ ለመዳን ሥልጣናቸውን ለአንድ ገዢ አስረከቡ አለ፤ በፍርሃት የተገባ ውልም ውል ነው ብሎ። ሩሶ ደግሞ በ1762 ሥልጣኑ ከሕዝቡ እጅ መቼም አይወጣም ብሎ በመጻፉ መጽሐፉ በተወለደባት በጄኔቫ ተቃጠለ።

እኔን የነካኝ ግን ጆን ሎክ ነው። በ1689 በወጣው መጽሐፉ፣ መንግሥት የሚጸናው በተገዢዎቹ ፈቃድ ነው ካለ በኋላ አንድ ችግር ገጠመው። አብዛኛው ሰው ፈቃዱን ሰጥቶ አያውቅም። መልሱ «የዝምታ ፈቃድ» ሆነ፦ በአገሩ መሬት የያዘ፣ ለአንድ ሳምንት ያደረ፣ በመንገዱ ላይ በነፃነት የተጓዘ እንኳ ለሕጉ ተስማምቷል። በመንገዱ ላይ የተጓዘ! ይህን ሳነብ ራሴን መስኮቱ ጋ ቆሜ ትኬት ስሰጥ አየሁት። ለእማማ የነገርኳቸው የሎክን ቃል ነው።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሁም በ1748 የሰጠው መልስ እዚህ ባሕር ዳር ሲነበብ ይከብዳል። ተኝቶ ሳለ መርከብ ላይ የተጫነን ሰው አስቡ ይላል። ሲነቃ ባሕር መካከል ነው፤ ልውረድ ቢል ይሰምጣል። ታዲያ ከመርከቡ ስላልወረደ ለካፒቴኑ ሥልጣን ተስማምቷል ይባላልን? ከኦቦክ ወደ የመን የተሻገሩና ያልቀናቸው ልጆቻችን በዚህ ጣቢያ በኩል ሲመለሱ አይቻለሁና የሁም መርከብ ለእኔ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በዚህ ክርክር ከሁም ጋር ነኝ። መውጫ የሌለው ሰው ዝም ቢል ዝምታው ፈቃድ አይሆንም።

የቀድሞው ባቡር ታሪክም ይህንኑ ይነግረኛል። አጤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የሐዲዱን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ፤ ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ውሉ ላይ ንጉሥና ኩባንያ አሉ። ሐዲዱ ግጦሹን ለሁለት የከፈለበት አርብቶ አደር በውሉ ውስጥ የለም።

ያ አርብቶ አደር ግን የራሱ ውል ነበረው፤ እኔም ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር በአብዛኛው የኢሳ ሶማሌዎች ነው። «ሔር ኢሴ» የሚሉት፣ በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው። ጅቡቲያዊው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢዬ «የዛፉ ፍርድ» ብሎ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጎሳዎቹ ተሰብስበው የቆረጡት ሕግ ነው። የደም ካሳውን፣ የግጦሹንና የውሃውን ነገር፣ የመሪውን አመራረጥ ይዟል። ኡጋዝ የሚባለው መሪ ይመረጣል፤ ከተመረጠም በኋላ ከሕጉ በላይ አይሆንም። አዲስ ጉዳይ ሲመጣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ። ሎክና ሩሶ እንደነበረ አድርገው ያሰቡትን ስብሰባ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ተቀምጠውበታል። ጉድለት የለውም አልልም፤ በጉባኤው የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፣ እማማን የመሰለች ሴት ድምፅ አልነበራትም። ቢሆንም የሚገዛቸው ሕግ በገዛ ቋንቋቸው፣ ጆሯቸው እየሰማ ይነገራል።

ከእኛም ወገን አንድ ሰው አስታውሳለሁ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የዚያ የቀድሞው ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበር። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩ የታወቀ ይሁን፣ ሕጉ ይጻፍ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሞት ዋናው መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ገና አልታተመም ነበር። ዕቃ እየተመዘነ፣ ቀረጥ እየተቆረጠ ሲውል ያየ ሰው ይህን መጻፉ አይገርመኝም። ነጋዴው ምን እንደሚከፍል ሳያውቅ ሲከፍል ፊቱ ምን እንደሚመስል አይቶታል።

ከዚያ ማለዳ ወዲህ ደንቡን ሳላነብ ትኬት አልሰጥም። በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ለሚፈልግ በፈረንሳይኛ። ሰልፉ ይረዝማል፤ የሚቆጡኝም አሉ። አንዳንዱ ሰምቶ ዕቃውን ቀንሶ ይመለሳል፣ አንዳንዱ «እሺ» ይላል፤ ይህን «እሺ» ከበፊቱ ዝምታ ለይቼ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ወር እማማ ተመልሰው መጡ። ማዳበሪያዎቹን አስቀድመው አስመዝነዋል። ደንቡን ላነብላቸው ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«አውቄዋለሁ፣ ልጄ። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። እኛ ጨርቅ ነጋዴዎች ክብደቱ ትንሽ ከፍ ይበልልን ብንል ለማን ነው የምንለው?»

አላውቅም ነበር። የአስተያየት መዝገቡን አውጥቼ ያሉትን በቃላቸው ጻፍኩ፣ መልሼም አነበብኩላቸው። «ትንሽ የሚለውን አውጣው» አሉኝ፤ ሰረዝኩት። ከዚያ ከማኅተሙ ቀለም አውራ ጣታቸውን ነክረው ከጽሑፉ ሥር አተሙ።